ሙዳረባ ምን ማለት ነው?
ኢኮኖሚክስንና ዐረብኛን አብሮ ስለ መማር



በመድረሳ ካስተማርኳቸው ልጆች አንዱ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ኢኮኖሚክስ ያጠናል። ለእረፍት ሲመጣ ዐረብኛው እንዴት እንደሆነ ጠየቅኩት። «ኡስታዝ፣ እሱንስ ተውኩት። ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ምን ያደርግልኛል?» አለኝ።

«እስቲ ሙዳረባ ምን ማለት ነው?» አልኩት። ሰርፍ በሚገባ የቀራ ልጅ ነውና ቃሉን ወዲያው ከሥሩ መዘዘው። «ደረበ፣ መታ ነው፤ ሙዳረባ፣ መመታታት» ሲለኝ ሁለታችንም ሳቅን።

በሰርፍ ረገድ አልተሳሳተም። በፊቅህ ኪታቦች ግን ሙዳረባ ማለት አንዱ ገንዘቡን፣ ሌላው ልፋቱንና ሙያውን አቅርበው፣ ትርፉን አስቀድመው በተስማሙበት ድርሻ የሚካፈሉበት ውል ነው። በዛሬ የዐረብኛ ጋዜጦች የኢኮኖሚ ገጽ ደግሞ ይኸው ቃል፣ ዋጋው ይወጣል ይወርዳል ብሎ በመገመት አክሲዮን መግዛትና መሸጥንም ያመለክታል። የመጀመሪያው ውል ሐላል ንግድ ነው፤ ሁለተኛው ብዙ የሚያከራክር ነገር ነው። ሁለቱን ያልለየ አንባቢ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል አስቡት!

ጉዳዩ ለአገራችንም ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎትን የሚመለከት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 አወጣ። በ2021 ደግሞ እንደ ዘምዘም ያሉ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ ጀመሩ። ሙራበሃ፣ ሙሻረካ፣ ኢጃራ የሚባሉትን ውሎች ከምንጫቸው አንብቦ፣ ሒሳባቸውንም ሠርቶ ለደንበኛ የሚያስረዳ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ጥቅሙ በባንክ ብቻም አይወሰን። ኢብን ኸልዱን እ.ኤ.አ. በ1377 ባጠናቀቀው «ሙቀዲማ» ስለ ግብር፣ ስለ ዋጋና ስለ ሥራ ጽፏል። በየቤታችን የምንጠራውን «ሪዝቅ»ን ከ«ከስብ» ለይቶ ያስረዳል። ሰው ለፍቶ አግኝቶት ሳይጠቀምበት ትቶት የሞተው ሀብት ለእርሱ ከስብ እንጂ ሪዝቅ አይባልም፤ ወራሾቹ ሲጠቀሙበት ግን ለእነርሱ ሪዝቅ ይሆናል። ይህን በትርጉም ማንበብ ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ከልጅነት ጀምሮ በምናውቀው ቃል ማንበብ ሌላ ነው።

ታዲያ ጊዜው ከየት ይመጣል? ለተማሪዬ የመከርኩት ቀላል ነገር ነው። በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል። በክፍል ውስጥ የተማርከውን ርዕስ በዚያው ሳምንት በዐረብኛ ፈልገህ አንብብ፤ ሐሳቡን አስቀድመህ ስለምታውቀው ቋንቋው ይቀልልሃል። ደብተርህን በሦስት ዓምድ ከፍለህ ቃሉን በዐረብኛ፣ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ጻፍ። የፈተና ሰሞን ሲደርስ ቀንስ እንጂ ፈጽመህ አታቋርጥ።

እናንት ወላጆችም ልጃችሁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ «የመድረሳው ነገር አበቃ» አትበሉ። ብዙ ዓመት የደከማችሁበት ዕውቀት ሥራ ላይ የሚውለው ገና አሁን ነው።

ተማሪዬ አዲስ ደብተር ይዞ ተመልሷል። በመጀመሪያው መስመር የጻፈው «ሙዳረባ»ን ነው። አላህ ያግራለት።