አንድ ጠርሙስ አይመሰክርም

ወይን በደጋው ጎጃም ይበልጥ የሚታወቀው ለቅዱስ ቁርባን ተዘፍዝፎ በሚጨመቀው ዘቢብ ነው። ደብረ ወርቅን በመሰለ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተቀመጠ አገር የወይን ተክልን የሚያሰጋው ከብርዱ ይልቅ ክረምቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለማቋረጥ የሚወርደው ዝናብ ቅጠሉን ለሻጋታ ይዳርገዋል፤ የአውሮፓ ዝርያዎች ደግሞ ሻጋታን እምብዛም አይቋቋሙም። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን ለገበያ ያቀረበው የወይን ጠጅ አምራች ካስቴል ሜርሎና ሲራ የተከለው ዝናብ በሚያንስበት ስምጥ ሸለቆ፣ ዝዋይ ላይ ነው። ለደጋው በመፍትሔነት የሚቀርበው ድቅል ወይን ነው። ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ ከ1860ዎቹ ጀምሮ የፈረንሳይን ወይን ሲያወድም፣ አዳቃዮች የአውሮፓን ዝርያ ከአሜሪካ የዱር ወይን ጋር አዳቀሉ፤ ጠንካራ ዘር ተገኘ፣ ስሙ ግን አላማረም። ፈረንሳይ በ1934 ስድስት የድቅል ዝርያዎችን ከገበያ አገደች። የአውሮፓ ኅብረት የድቅል ወይን ጠጅ ጥብቅ የመነሻ ስም (PDO) ይዞ እንዲሸጥ የፈቀደው በ2021 ነው።

ታዲያ ድቅሉ ይረባል ወይስ አይረባም? ብዙ ሰው አንድ ጠርሙስ ቀምሶ ይፈርዳል፤ ፍርዱ ግን የዝርያውን ጠባይ ከዚያ ዓመት ዝናብ አይለይም። መለያው መንገድ ከአንድ ማሳ፣ በአንድ እጅ የተጠመቁ የተለያዩ ዓመታት ቀይ ወይን ጠጆችን ጎን ለጎን አሰልፎ መቅመስ ነው። ጠጅ የሚያውቅ ጎጃሜ ለዚህ አዲስ አይደለም፤ የአደይ አበባ ማር ከሌላው ወቅት ማር የተለየ ጠጅ እንደሚያወጣ ምላሱ ያውቃል። ነገር ግን ጠጅ ቶሎ ይጠጣል፤ ወይን ጠጅ በጠርሙስ ውስጥም ይለወጣል። እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ አለ፦ የአየሩም ጠባይ የጠርሙሱም ዕድሜ አብረው ከተለዋወጡ፣ ልዩነቱ የየትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? መልሱ በተርታው ውስጥ ነው። ዕድሜ ብቻ ቢሆን ለውጡ ከአዲሱ ወደ አሮጌው ደረጃ በደረጃ ይሄድ ነበር፤ መካከል ላይ ያለ አንድ ዓመት ከሁለቱ ጎረቤቶቹ ተለይቶ ቀጥኖና ኮምጥጦ ከተገኘ፣ የዚያን ዓመት ዝናብ መጠርጠር ነው። ጠማቂው አሠራሩን ቀይሮ እንደሆነም መጠየቅ አይከፋም።

ሌላው ተቃውሞ፣ ድቅል በሽታን ስለሚቋቋም ዓመት ከዓመት ሊለያይ አይገባም የሚል ነው። መቋቋሙ ቅጠሉን ያድናል እንጂ ፍሬውን አያበስልም፤ የሚያበስለው ፀሐይ ነው። በአውስትራሊያ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ በጋው ዝናባማ በሆነው በሄስቲንግስ ወንዝ አካባቢ ሻምቡርሲን የተባለው ቀይ ድቅል የተመረጠው እርጥበትን ስለሚችል ነው፤ ዝናብ በለቀማ ላይ ሲደርስ ግን ፍሬው ውኃ ማዘሉ አይቀርም። ከዚህ በላይ ድቅሎች የራሳቸው ድካም አላቸው። ብዙዎቹ ኮምጣጣነታቸው ከፍ ያለ ነው፤ አፍን የሚያደርቀውና ወይን ጠጁን ለዓመታት የሚያቆየው ታኒን ደግሞ ያንሳቸዋል፣ ያለውንም በፍሬው ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖች ይዘው ያስቀሩታል። ስለዚህ በተርታው ጫፍ ያለው አሮጌ ጠርሙስ ተዳክሞ ቢገኝ ጥፋቱ የመጋዘኑ ላይሆን ይችላል።

አንዳንዱ፣ የበረዶ ወራት በሌለበት አገር በመግረዝ ለቀማውን ወደ በጋ ማዛወር ስለሚቻል ድቅል ምን ያደርጋል ይላል። ለፍሬው ልክ ነው፤ ሐረጉ ግን ክረምቱን በቅጠሉ ያሳልፋል፣ ሻጋታው የሚጀምረውም ከቅጠሉ ነው። የደጋው ሌሊት ቅዝቃዜ ኮምጣጣነቱን ስለሚጠብቀው፣ በደብረ ወርቅ ዙሪያ የሚጠመቅ የመጀመሪያው ቀይ ድቅል አፍ የሚቆነጥጥ ሊሆን ይችላል። ያ ኮምጣጣነት የቦታው ይሁን የዓመቱ፣ ቢያንስ ሦስት ለቀማ አልፎ ጠርሙሶቹ እስኪደረደሩ ድረስ ማንም አይነግረንም።