በአንድ ካርድ የሚከፈተው የዲሲ ቤተ መጻሕፍት

በዋሽንግተን ዲሲ መሐል፣ ጂ ስትሪት ላይ፣ ከጥቁር ብረትና ከመስታወት የተሠራ ሰፊ ሕንፃ አለ። በማርቲን ሉተር ኪንግ ስም የሚጠራው የከተማዋ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ነው። ዕውቁ አርክቴክት ሚስ ቫን ደር ሮኸ የነደፈው ይህ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1972 ተከፍቶ፣ ከረጅም እድሳት በኋላ በ2020 ዳግም ሥራ ጀምሯል። ልጆቻቸውን ተረት ለማስነበብ፣ ወረቀት ፕሪንት ለማድረግ ወይም ኮምፒውተር ለመጠቀም የሚገቡ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ከሁሉ የሚልቀው አገልግሎት ግን ቤት ተቀምጦ የሚገኘው ነው፤ እሱን የሚያውቅ ወገን እምብዛም አያጋጥመኝም።

መጀመሪያ ካርዱን ማውጣት ያስፈልጋል። ዲሲ ውስጥ የሚኖር፣ የሚሠራ ወይም የሚማር ሰው በነፃ ያገኘዋል። በአቅራቢያ ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ካውንቲዎች የሚኖሩም ማውጣት ይችላሉ። ከዚያ በኋላ የቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ላይ የካርዱን ቁጥርና የይለፍ ቃሉን ማስገባት ነው።

ጎግል እያለ ይህ ምን ያደርጋል የሚል ይኖራል። ጎግል የሚያሳየን በአብዛኛው ለማንም ክፍት የሆነውን ነው። የድሮ ጋዜጦች፣ የምርምር መጽሔቶችና የንግድ መረጃዎች አብዛኞቹ ግን ፕሮኬስትንና ኤብስኮን በመሳሰሉ ድርጅቶች የመረጃ ቋት ውስጥ በክፍያ የተዘጉ ናቸው። አንድ ግለሰብ ለእያንዳንዱ ልክፈል ቢል ኪሱ አይችለውም። ቤተ መጻሕፍቱ ከግብር በተሰበሰበ ገንዘብ ውል ገብቶ ይከፍልና ለካርድ ባለቤቶች ይከፍተዋል። ለዲሲ ነዋሪ ገንዘቡ ቀድሞ ከደመወዙ ተቆርጧል፤ አለመጠቀም ኪሳራ ነው።

ለእኛ ትልቁ ሀብት ጋዜጦቹ ናቸው። ኢቭኒንግ ስታር የተባለው የዋሽንግተን ጋዜጣ እ.ኤ.አ. ከ1852 እስከ 1981 ታትሟል። ገጾቹ ፎቶ ተነሥተው በቃል እንዲፈለጉ ተደርገዋል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ዋሽንግተን መጥተው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተቀበሏቸው መስከረም 20 ቀን 1956 ዓ.ም. ነበር። የመረጃ ቋቱ ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ነው፤ ስለዚህ ፍለጋው በኦክቶበር 1, 1963 ዙሪያ ይደረጋል። አባቶቻችን የነገሩንን ቀን ይዞ የሚነሣ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የዘመን አቆጣጠሩን ይቀይር፤ አለበለዚያ በሰባትና በስምንት ዓመት ስቶ ባዶ ገጽ ያስሳል።

ሁለተኛው ጣጣ የስም አጻጻፍ ነው። በአድዋ ድል ሰሞን፣ በማርች 1896፣ የወጣን ዘገባ የሚፈልግ ሰው የቦታውን ስም ዛሬ በለመድነው የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ቢጽፍ ብዙ ነገር ያመልጠዋል። የዘመኑ ጋዜጠኞች አንዳንዶቹ «አዱዋ»፣ ሌሎቹ «አዶዋ» ተብሎ በሚነበብ መንገድ ይጽፉት ነበር። ኢትዮጵያንም አብዛኛውን ጊዜ አቢሲኒያ ይሏታል፤ የምኒልክም ስም አንድ ወጥ አጻጻፍ የለውም። ስለዚህ የሚታወቁትን አጻጻፎች ሁሉ በየተራ መሞከር ነው። በዚያ ላይ የደበዘዘ ሕትመት የሚያነበው ኮምፒውተር ስለሆነ ፊደል ያምታታል። ውጤት አልተገኘም ማለት ዘገባው የለም ማለት አይደለም። እንዲህ ሲሆን ቃሉን ትቶ የቀኑን ጋዜጣ ከፍቶ ገጽ በገጽ ማየት ይሻላል። ሥራው ያደክማል፤ ነገር ግን የአንድ ሰሞን ጋዜጣ ሙሉውን ያነበበ ሰው ዜናው ከየትኛው ዜና ጎን እንደተቀመጠ፣ ስንት መስመር እንደተሰጠው ጭምር ያያል። ያንን ፍለጋ ብቻውን አይሰጥም።

ዕድሜ ጠገብ ቤት ወይም ሱቅ የገዛ ሰው ደግሞ የሳንቦርን ካርታዎችን ቢያይ አይቆጭም። ለእሳት አደጋ መድን ሰጪዎች የተሠሩ በመሆናቸው እያንዳንዱን ሕንፃ ለይተው ያሳያሉ፤ በቀለም በታተሙት ላይ ሮዝ ጡብ፣ ቢጫ እንጨት ነው። ሊቢ በሚባለው መተግበሪያ ኢ-መጽሐፍና የድምፅ መጽሐፍ መዋስ እንደሚቻል ብዙዎች ሰምተዋል፤ በዚያ አልቆይም።

አንሴስትሪ የተባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ በቤተ መጻሕፍት በኩል አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ሕንፃው ውስጥ ብቻ ነው። ለእኛ ብዙም የሚጠቅም አይመስለኝም። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ዝርዝር ለሕዝብ የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ ነው፤ የ1950ው እንኳ የተከፈተው በ2022 ነው። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ደግሞ የመጣው ከዚያ ቆጠራ ብዙ ዘግይቶ ነው።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ግን እኔ የማስበልጠው ሰውን ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ጥያቄ የሚቀበሉ ባለሙያዎች አሉት፤ በማዕከላዊው ሕንፃ አራተኛ ፎቅም ስለ ዲሲ ታሪክ የተሰበሰቡ ሰነዶች የሚገኙበት የሕዝብ ቤተ መዛግብት አለ። «ስለ ኢትዮጵያ ምን አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ማንን፣ በየትኛው ዓመት አካባቢ፣ ለምን እንደምትፈልጉና እስካሁን የት የት እንዳያችሁ ጻፉላቸው። እንግሊዝኛ የሚከብደው ሰውም ማፈር የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2004 በጸደቀው የከተማዋ የቋንቋ ሕግ መሠረት አስተርጓሚ መጠየቅ መብቱ ነው፤ አማርኛም በከተማዋ ዋና ዋና ከሚባሉት የአገልግሎት ቋንቋዎች አንዱ ነው።

በእነዚህ የመረጃ ቋቶች ውስጥ አማርኛ ጽሑፍ እምብዛም አለመኖሩ ያሳዝነኛል። ስለ እኛ ብዙ ተጽፏል፤ በእኛ ቋንቋ የተጻፈው ግን ሌላ ቦታ ነው። አማርኛ መጻሕፍት የሚፈልግ ወደ ኮንግረስ ላይብረሪ ይሂድ፤ ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሁሉ የአንባቢ ካርድ በነፃ ይሰጣል። ክሮኒክሊንግ አሜሪካ የተባለው የዚያው ተቋም የድሮ ጋዜጦች ስብስብ ደግሞ ካርድም አይጠይቅም፤ አዲስ አበባም ሆነ ጂዳ ያለ ሰው ኢንተርኔት ካለው ይከፍተዋል። በአካባቢው ያላችሁ ግን በዚህ ሳምንት የዲሲውን ካርድ አውጡ፤ ልጆቻችሁንም አስመዝግቡ።