ያውቁ ኖሯል? ጠፍቶ የሚደገመው መልእክትና የወለጋ ስልኮች

ከነቀምት እስከ አዲስ አበባ መንገዱ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ይህን ያህል ርዝመት ያለው ፋይበር ላይ ደርሶ ለመመለስ 4 ሚሊ ሰከንድ አይፈጅበትም። በ4ጂ ግን ስልክዎ ለሰፈሩ ታወር የላከው ተበላሽቶ አንድ ጊዜ ብቻ ቢደገም 8 ሚሊ ሰከንድ ይሄዳል። ጊዜ የሚበላው የአዲስ አበባ ርቀት ሳይሆን እዚሁ ደጃፋችን ያለው አየር ነው።

ተቀባዩ፣ ታወርም ይሁን ስልክ፣ መልእክቱ መበላሸቱን በምን ያውቃል? ቼክ ላይ ብሩ በአኃዝም በፊደልም እንደሚጻፍ ያስታውሱ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ስሕተት መኖሩ ወዲያው ይታያል። 4ጂም በእያንዳንዱ የዳታ ጥቅል ላይ 24 ቢት መፈተሻ ያክላል። እንዳጋጣሚ የተበላሸ ጥቅል ይህን ፈተና አልፎ የመግባት ዕድሉ ከ16 ሚሊዮን አንድ አይሞላም። ፈተናውን ከወደቀ ተቀባዩ «ድገም» ይላል።

የተበላሸው ግን አይጣልም! በሚቆራረጥ ስልክ መጀመሪያ «…ምቢ ደረስኩ»፣ ቀጥሎ «ጊም… ደረስ…» ቢሰሙ ሁለቱን ገጥመው ደዋዩ ጊምቢ መግባቱን ይረዳሉ። ስልክዎም የመጀመሪያውን ቅጂ አስቀምጦ ከሁለተኛው ጋር ያዳብላል። ብቻቸውን የማይነበቡ ሁለት ቅጂዎች አንድ ላይ ይነበባሉ። ሐሳቡን ዴቪድ ቼዝ የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1985 አሳትሞታል፤ እኔ ከዚህ ሙያ ብልሃቶች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

መሐንዲሶች ለመጀመሪያ ጊዜ ከሚላኩ ጥቅሎች 10 በመቶ ያህሉ እንዲበላሹ ሆን ብለው እንደሚተዉስ ያውቃሉ? ፈጥኖ መላክና አልፎ አልፎ መድገም፣ ሁልጊዜ ተጠንቅቆ ቀስ ከማለት ያዋጣል።

የ2ጂ ጥሪ ድምፅ ግን አይደገምም። በ20 ሚሊ ሰከንድ ቁራጭ ተከፋፍሎ ይጓዛል፤ የጠፋውን ቁራጭ ስልኩ በፊተኛው ይሸፍነዋል። ከዚያ የባሰ ከሆነ «አቤት? አልሰማሁሽም» እያልን የምናስደግመው እኛው ነን።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የተማሩ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ያስተምር የነበረውን መምህር ያስታውሳሉ። ትምህርቱ ከሳተላይት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይወርድ ስለነበር፣ ተማሪው ብቻ ሳይሆን መቀበያ መሣሪያውም «ይደገምልኝ» ማለት አይችልም ነበር። እንዲህ ያለ ሥርጭት መድኃኒቱ አስቀድሞ ትርፍ መላክ ነው። በዚያን ጊዜ በብዙ አገር የተለመደው የሳተላይት ቴሌቪዥን ደንብ በየ188 ባይቱ 16 ባይት ይጨምር ነበር፤ በዚያም እስከ 8 የተበላሹ ባይቶችን ተቀባዩ ራሱ ያርም ነበር።

አሁን ከነቀምት ዲጋን አልፈው ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ወረዱ እንበል። ቁልቁለቱ ላይ ሲግናል ይጠፋል፤ ስልክዎ አንድ ገጽ ለመክፈት እየሞከረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው የኢንተርኔት ደንብ መሠረት መልስ ያጣ አዲስ ግንኙነት 1 ሰከንድ ጠብቆ ይደግማል፤ ቀጥሎ 2፣ ከዚያ 4፣ 8፣ 16። ዳገቱን ወጥተው የሲግናሉ ምልክት ሙሉ ሲሆን ገጹ አሁንም አይነቃነቅም፤ ስልኩ የጀመረውን 16 ሰከንድ እየቆጠረ ነውና። ያን ጊዜ ገጹን እንደገና ቢከፍቱት ቆጠራው ከ1 ይጀምራል። ይህ የእጥፍ ጥበቃ የተበጀው ለተጨናነቀ መሥመር ነው። ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1988 የኢንተርኔትን መጨናነቅ መላ ሲያበጅለት፣ የጠፋ ፓኬት (የዳታ ጥቅል) የመጨናነቅ ምልክት ተደርጎ ተወሰደ። ሸለቆ ያስቀረውን ፓኬትም ስልኩ እንደ ትራፊክ ይቆጥረዋል፤ ሳያስፈልግ ያዘግማል።

መድገምም ማብቂያ አለው። በአንድሮይድ ሥር ያለው ሊኑክስ፣ ቅንብሩ ካልተለወጠ፣ የተቋረጠን ግንኙነት ሩብ ሰዓት ያህል ደጋግሞ ሞክሮ ተስፋ ይቆርጣል። ሰው ግን እንዲህ ቶሎ አይተውም፤ በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለምና በሆሮ ጉዱሩ ስልክና ኢንተርኔት የተዘጉት ለሦስት ወር ያህል ነበር። ያን ጊዜ ልጁ ደምቢ ዶሎ የነበረ ወላጅ ስንት ጊዜ እንደደወለ የሚቆጥር ማሽን የለም።

አንድ ነገር ደግሞ በገዛ ገንዘቤ ተምሬአለሁ። ጊምቢ ላይ ቡና ገዝቼ በስልክ ከፈልኩ፤ የማረጋገጫ መልእክት ቀረ። ሻጩን «ኦቦ፣ ገባ ወይ?» ስል «ገና ነው» አሉኝ፤ ደግሜ ላክሁ። ለካ የጠፋው ክፍያው ሳይሆን «ደርሷል» የሚለው መልስ ኖሯል። ፓኬት ተራ ቁጥር ስላለው ሁለቴ ቢደርስ ተቀባዩ አንዱን ይጥላል። እኔ እንደገና የላክሁት ግን አዲስ የግብይት ቁጥር ያለው ሌላ ክፍያ ነበር። ቀሪ ሒሳቤን አስቀድሜ ባይ ኖሮ ይታወቀኝ ነበር። ኔትወርኩ ሲመለስ ሁለቱም ኤስኤምኤስ ተከታትለው ገቡ።