ዕጣና ፍትሕ በትምህርት ቤቶች የጥሎ ማለፍ ውድድር

በትምህርት ቤቶች መካከል የሚደረግ የእግር ኳስ ውድድር ወደ ጥሎ ማለፍ ሲደርስ ተጋጣሚዎች ብዙውን ጊዜ የሚለዩት በዕጣ ነው። ዕጣ ለማንም አያደላም። ይሁን እንጂ አድልዎ የሌለበት አሠራር ሁሉ ተገቢውን ውጤት ያስገኛል ማለት አይደለም። ዓመቱን ሙሉ የተለማመዱ ተማሪዎች በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ምክንያት በመጀመሪያው ቀን ከብርቱው ቡድን ጋር ተጋጥመው ሊሰናበቱ ይችላሉ።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። 8 ቡድኖች አሉ፣ ብርቱውም ሁልጊዜ ደካማውን ያሸንፋል እንበል። አንደኛው ቡድን ቦታውን ሲይዝ 7 ቦታዎች ይቀራሉ፤ 3ቱ እርሱ ባለበት ወገን፣ 4ቱ በሌላው ወገን ናቸው። ስለዚህ ሁለተኛው ቡድን ለፍጻሜ የመድረስ ዕድሉ 4/7 ብቻ ነው። ሉዊስ ካሮል በተባለው የብዕር ስሙ የሚታወቀውና በኦክስፎርድ የሒሳብ መምህር የነበረው ቻርልስ ዶጅሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1883 ስለ ቴኒስ ውድድር በጻፈው ጽሑፍ ይህንኑ አሳይቷል። በ32 ተወዳዳሪዎች መካከል ሁለተኛው የሚገባውን ሽልማት የማግኘት ዕድሉ 16/31 ሲሆን፣ ይህም ከግማሽ እምብዛም አይበልጥም።

መፍትሔው ቡድኖችን በደረጃ መደልደል ነው። ይኸውም 1ኛው ከ8ኛው፣ 4ኛው ከ5ኛው በአንድ ወገን፤ 2ኛው ከ7ኛው፣ 3ኛው ከ6ኛው በሌላው ወገን እንዲጋጠሙ ማድረግ ነው። በዚህ ዓይነት ሁለቱ ብርቱዎች ከፍጻሜ በፊት አይገናኙም። ድልድሉ ለ8ኛው እንደሚከብድ አይካድም፤ ሆኖም ደረጃው በሜዳ የተገኘ ከሆነ ቅሬታው ይቀንሳል።

ታዲያ ደረጃውን የምንሰጠው በምን መለኪያ ነው? ባለፈው ዓመት ውጤት እንዳንሰጥ፣ ያን ውጤት ካስገኙት ተጫዋቾች ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሄደዋል። በአሠልጣኞች ስብሰባ እንዳንወስን፣ እያንዳንዱ አሠልጣኝ ለራሱ ቡድን ያስባል። በድል ብዛት ብቻ እንዳንለካ፣ ሁሉም የገጠሙት እኩል ተጋጣሚ አይደለም።

በአሜሪካ የኦሃዮ ክፍለ ግዛት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ በእጅ ተይዞ በሚሮጥበት የአሜሪካ እግር ኳስ፣ ይህ ችግር ገጥሟቸው እ.ኤ.አ. በ1972 የነጥብ ዘዴ ሥራ ላይ አውለዋል። አንድ ቡድን ሲያሸንፍ ነጥብ ያገኛል፤ ያሸነፈው ቡድን ሌሎችን ባሸነፈ ቁጥርም ተጨማሪ ነጥብ ይታሰብለታል። በመሆኑም ብርቱውን ያሸነፈ የበለጠ ይጠቀማል። ዘዴው ግን እንከን አያጣም፤ ከብርቱ ቡድን ጋር ተፋልሞ በጠባብ ልዩነት የተሸነፈ ከዚያ ጨዋታ ምንም አያገኝም።

እንግዲህ ፍጹም መለኪያ የለም። ስለዚህ ውድድር የምናዘጋጅ መምህራን ሦስት ነገሮችን ብንጠብቅ መልካም ነው እንላለን። አንደኛ፣ ደረጃው በያዝነው ዓመት ጨዋታ ላይ ይመሥረት። ሁለተኛ፣ የአሰጣጡ ደንብ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ተጽፎ ለሁሉም ይገለጽ። ሦስተኛ፣ ነጥብ እኩል ለሆኑት ብቻ ዕጣ በአምበሎቹ ፊት ይውጣ። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች» እንዲሉ፣ ተማሪ ሽንፈትን ይቀበላል፤ ደንቡ ከጨዋታው በኋላ ሲለወጥበት ግን ከኳሱ ይልቅ በመምህሩ ላይ ያለውን እምነት ያጣል።

ለተማሪዎች መልመጃ፦ ቡድኖቹ 16 ቢሆኑ ሁለተኛው በዕጣ ለፍጻሜ የመድረስ ዕድሉ ስንት ይሆናል?