ወጪው ጉድጓዱ ላይ፣ ትርፉ ተርባይኑ ላይ

ኮምቦልቻ፦ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎች፣ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ሽቅብ ደሴ ላይ ያሉት ወፍጮ ቤቶችም ጭምር የአንድ ሻጭ ደንበኞች ናቸው፤ የመብራት ኃይል። መብራት ሲጠፋ ባለንብረቱ ወይ ናፍጣ ይገዛል፣ ወይ ሥራ ለፈታ ሠራተኛ ደመወዝ ይከፍላል።

የአገሪቱ ኃይል በአመዛኙ ከውኃ የሚመነጭ ነው። በጳጉሜ 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ቢጨምርም የዝናብ ጥገኝነቱ አልቀረም። በ1995 እና በ2001 ዓ.ም. ዝናብ ሲያጥር መብራት በፈረቃ መታደሉ አይዘነጋም።

ዝናብ የማይጠብቀው ሀብት ሩቅ አይደለም። ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ አልፎ፣ ዱብቲ አጠገብ ተንዳሆ ላይ ከ1986 እስከ 1990 ዓ.ም. በተቆፈሩ ጉድጓዶች ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ተገኝቷል። ሆኖም ሦስት አሥርት ዓመታት አልፈውም ለገበያ የሚሆን ማመንጫ አልቆመበትም።

ሒሳቡ እዚህ ላይ ነው። አንድ ጥልቅ ጉድጓድ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይበላል። በዓለም ላይ ያሉ የእንፋሎት ማመንጫዎች ግን ከሚያወጡት ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት በአማካይ 12 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። በተሻለ ተርባይን 15 በመቶ ቢደረስ፣ አዲስ ጉድጓድ ሳይቆፈር ምርቱ በሩብ ያድጋል ማለት ነው።

ችግሩ የከርሰ ምድሩ እንፋሎት እንደ ቦይለር እንፋሎት ንጹሕና ደረቅ አለመሆኑ ነው። የውኃ ጠብታው የተርባይኑን ምላስ ይበላል፤ ሲሊካው ይጋገርበታል። ስለዚህ ውኃውን አስቀድሞ መለየት፣ ምላሱን በጠንካራ ብረት መሸፈንና ጠብታውን ማስወጫ ቦይ ማበጀት የንድፍ ሥራው ዋና ጉዳይ ሆኗል። ሌላው መንገድ በቀሪው ሙቀት በ36 ዲግሪ የሚፈላውን ፔንቴን አትንኖ ሁለተኛ ተርባይን ማዞር ነው።

አሉቶ ላንጋኖ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተተከለው 7 ሜጋ ዋት ያህል የሚያመነጭ ጣቢያ ሁለቱን ያጣመረ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን የሙቀት ማስተላለፊያው ፔንቴን በማፍሰሱና ጉድጓዶቹም በመታወካቸው ቆመ፤ በ1999 ዓ.ም. የተነሣውም በከፊል ነው።

ለኮምቦልቻ ገዢ ትምህርቱ ግልጽ ነው። ውል ሲፈረም የሚጠየቀው የሜጋ ዋቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣና ማን እንደሚጠግነውም ሊሆን ይገባል። የቆመ ተርባይን፣ ንድፉ የቱንም ያህል ቢራቀቅ፣ ናፍጣ ከመግዛት አያድንም።