ተከላካይ ጫማውን ሲሰቅል በምን ይመዘናል?

አጥቂ ጫማውን ሲሰቅል ነገሩ ቀላል ነው። ጎሎቹ ይቆጠራሉ፣ ከቀደሙት ጋር ይነጻጸራሉ፣ ክርክሩም በአንድ ምሽት ያልቃል። ተከላካይ ሲሰናበት ግን በቦሪም ሆነ በሞያሌ፣ ከኢትዮጵያና ከኬንያ ድንበር ወዲህም ወዲያም ባሉ የዲኤስቲቪ ቤቶች ወሬው ቶሎ ይቀዘቅዛል። «ጥሩ ልጅ ነበር» ይባልና ወደ ቀጣዩ ጨዋታ ይታለፋል። የተከላካይ ዋና ሥራ ሊገባ ሲል ያስቀረው ጎል ነው፤ ያልገባ ጎል ደግሞ ውጤት ሰሌዳ ላይ አይጻፍም። ስለዚህ ተከላካይን በአጥቂ ሚዛን የሚለካ ሰው ሁልጊዜ ያሳንሰዋል።

ወርቃማውን ኳስ፣ ባሎን ዶርን፣ ተመልከቱ። የወንዶቹ ሽልማት ከ1956 ጀምሮ ሲሰጥ ያሸነፉት ተከላካዮች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ጀርመናዊው ፍራንዝ ቤከንባወር በ1972 እና በ1976፣ የአገሩ ልጅ ማቲያስ ሳመር በ1996፣ ጣሊያናዊው ፋቢዮ ካናቫሮ በ2006። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለሚላን ብቻ 902 ጨዋታ የተሰለፈው፣ አምስት ጊዜ የአውሮፓ ክለቦች ሻምፒዮን የሆነው ፓኦሎ ማልዲኒ እንኳ በ2009 ሲሰናበት ይህ ሽልማት በእጁ አልነበረም። ማልዲኒን ያላየ ሽልማት ስለ እኛዎቹ ምን ሊነግረን ይችላል?

የእኛዎቹ የምላቸው በተለይ ሁለት ሰዎችን ነው። ከኢትዮጵያ ደጉ ደበበ፣ ከኬንያ ሙሳ ኦቲየኖ። ሁለቱም የመሀል ተከላካዮች፣ ሁለቱም የብሔራዊ ቡድናቸው አምበሎች ነበሩ። ሁለቱም አገራቸው ለረጅም ጊዜ ርቃ ከቆየችበት የአፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ ቡድኑን ከፊት የመሩ ናቸው፤ ኬንያ በ2004 ከ12 ዓመት በኋላ፣ ኢትዮጵያ በ2013 ከ31 ዓመት በኋላ።

እነሱን ለመመዘን፣ መጀመሪያ ተከላካይን እንዴት እንደምናይ። በሚቀጥለው ጨዋታ ኳሱን ለአሥር ደቂቃ ተዉትና አንድ የመሀል ተከላካይ ብቻ ተከተሉ። ይህን ለማየት ከቴሌቪዥን ይልቅ የሰፈር ሜዳ ይሻላል፤ ካሜራው ኳስ ስለሚከተል ተከላካዩ አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው ከስክሪኑ ውጪ ነው። ቡድኑ ሲያጠቃ የት ነው የቆመው? ከኋላው ያለውን ክፍተት ስንት ጊዜ ዞሮ ያያል? የመስመር ተከላካዩ ወደፊት ሲሄድ ቦታውን ማን ይሸፍናል? ጥሩው ተከላካይ በእጁ ይጠቁማል፣ በስም ይጣራል፣ ረጅም ኳስ ከመመታቱ በፊት ሁለት እርምጃ ወደኋላ ወስዷል። አጥቂው ሲደርስ እሱ ቀድሞ ቆሞ ይጠብቀዋል። ተመልካቹ «ደካማ ኳስ ነበር» ይላል እንጂ ኳሱን ደካማ ያደረገው የእሱ አቋቋም መሆኑን አያይም። ሜዳው የሚያጨበጭበው ለሸርተቴ ነው። ሸርተቴ ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የተፈጠረ የቦታ ስህተት ማካካሻ ነው፤ ማልዲኒን ማልዲኒ ያደረገው እምብዛም ሸርተቴ የማያስፈልገው መሆኑ ነው።

ሁለተኛው ነገር የተቆጠረበትን ጎል ማንበብ ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆይ፤ የደጉ ደበበ ትውልድ ጥሩ ማስረጃ አለውና።

በ2012 ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ ከሱዳን ጋር የደርሶ መልስ ጨዋታ ነበራት። በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸነፈች። በአዲስ አበባ ስታዲየም በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፈች። ድምር ውጤቱ 5 ለ 5 ሆነና ከሜዳ ውጪ ባስቆጠረቻቸው ሦስት ጎሎች አለፈች። ያን ቀን ሕዝቡ ያነሳው የሁለቱን አጥቂዎች ስም ነው፤ ተገቢም ነበር። ነገር ግን ሒሳቡን እንደገና ሥሩት። ሱዳን በአዲስ አበባ አንዲት ጎል ብታገባ 6 ለ 5 አልፋ ነበር። የ31 ዓመቱ ጥበቃ የተፈታው በሁለቱ ጎሎች ብቻ አይደለም፤ በዚያች ዜሮ ጭምር ነው። ዜሮዋ የተከላካዮቹና የበረኛው ሥራ ነበረች። እስከ ዛሬ ግን «ዜሮዋን ማን ጠበቃት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙም አልሰማሁም።

ከዚያ ውድድሩ የተካሄደበት ደቡብ አፍሪካ። ዋሊያዎቹ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን፣ በ2013ቱ ውድድር በሦስት ጨዋታ 7 ጎል ተቆጠረባቸው። በቁጥር ብቻ ከሄድን «ተከላካይ አልነበራቸውም» ማለት ነው። ጨዋታዎቹን አንድ በአንድ ስናይ ሌላ ነገር እናገኛለን። በመጀመሪያው ጨዋታ ኔልስፕሩት ላይ ከዛምቢያ፣ ማለትም ከወቅቱ የአፍሪካ ሻምፒዮን ጋር ተገናኙ። ሳላዲን ፍፁም ቅጣት ምት ሳተ፣ በረኛው ጀማል ጣሰው ከዕረፍት በፊት በቀይ ካርድ ወጣ፣ ኮሊንስ ምቤሱማ አገባ። ቡድኑ በአሥር ሰው ከግማሽ በላይ ጨዋታ ቀርቶት አልፈረሰም፤ አዳነ ግርማ አቻ አደረገ፣ 1 ለ 1 አለቀ። በአሥር ሰው ሻምፒዮንን መያዝ ከተከላካይ መስመር ሥርዓትና የማይዝል ድምፅ ይጠይቃል፤ የአምበልነት ፈተናም እዚያ ላይ ነው።

ከአራት ቀን በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ቡርኪና ፋሶ በረኛዋን በቀይ ካርድ አጥታ ጨዋታውን በአሥር ሰው ብትጨርስም ኢትዮጵያ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አሥር ሆኖ ያልፈረሰ ቡድን፣ ተጋጣሚው አሥር ሲሆን ፈረሰ። ምክንያቱ ለማንም ኳስ ለተጫወተ ሰው የታወቀ ነው። አቻ ለመሆን ሁሉም ወደፊት ሲወጣ በመሀል ተከላካዮቹ ፊትም ኋላም ሰፊ ሜዳ ይቀራል፤ ያንን ሜዳ ሁለት ሰው ሮጦ አይዘጋውም። እነዚያን ጎሎች በተከላካዮች ስም ብቻ መጻፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። ደግሞ የምድቡን ክብደት አትርሱ፤ ሦስተኛዋ ተጋጣሚ ናይጄሪያ ዋንጫውን ወሰደች፣ በፍጻሜው ያሸነፈችው ቡርኪና ፋሶን ነው። ከአንድ ምድብ ሁለቱም የፍጻሜ ተፋላሚዎች ወጡ ማለት ነው።

ይህን ስል የዚያን ትውልድ የተከላካይ መስመር ከነቀፋ ነፃ ላወጣው አይደለም። እውነተኛው ድክመት የናይጄሪያ ጨዋታዎች ውስጥ አለ። በ2013 ዋሊያዎቹ ከናይጄሪያ ጋር ሦስት ጊዜ ተጋጠሙ፤ በአፍሪካ ዋንጫው ሩስተንበርግ ላይ 2 ለ 0፣ ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ በተደረገው የመጨረሻ ዙር አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 1፣ ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተሸነፉ። በድምሩ 6 ጎል። አሁን እንዴት እንደገቡ እዩ። ሩስተንበርግ ላይ ሁለቱም የቪክተር ሞሰስ ፍፁም ቅጣት ምቶች ናቸው፤ የመጀመሪያው የገባው በ80ኛው ደቂቃ ነው፣ እስከዚያ 0 ለ 0 ነበር። አዲስ አበባ ላይ በኃይሉ አሰፋ ኢትዮጵያን ቀዳሚ ካደረገ በኋላ ኢማኑኤል ኤሜኒኬ አንዱን ከርቀት መትቶ፣ ሌላውን ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በፍፁም ቅጣት ምት አገባ። ካላባር ላይ ሞሰስ እንደገና በፍፁም ቅጣት ምት፣ ቪክተር ኦቢና በቅጣት ምት። ከስድስቱ ጎል አራቱ ፔናሊቲ፣ አንዱ ቅጣት ምት፤ በጨዋታ ሂደት የገባው አንድ ብቻ ነው።

ይህ ስለዚያ መስመር ከማንኛውም ወሬ የበለጠ ይናገራል። ቦታ አያያዙ ጥሩ ነበር፤ የአፍሪካ ሻምፒዮን በ270 ደቂቃ ውስጥ በጨዋታ ሂደት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የከፈተው፣ እሱም ከርቀት። የጎደለው በሳጥኑ ውስጥ፣ እግር ሲደክም፣ እጅና እግርን መግዛት ነው። በአገራችን ሊግ የማይነፋ ንክኪ በዚያ ደረጃ ይነፋል። ጥሩውን ተከላካይ ከታላቁ የሚለየው አንዱ ነገር ይህ ነው፤ በ88ኛው ደቂቃ አጥቂው ጀርባውን ሰጥቶት ሲቆም መታገሥና አለመንካት። ጉድለቱ የቡድኑ ነው፣ የአንድ ሰው አይደለም። የሚሰለፉበት ሊግ ያላስተማራቸውን በዓለም ዋንጫ ደጃፍ ላይ ተማሩት።

ሦስተኛው መለኪያ ዕድሜ ነው። አጥቂ በአንድ ወርቃማ ዓመት ስሙን ሊተክል ይችላል፤ ተከላካይ አይችልም። ካሜሩናዊው ሪጎበርት ሶንግ ከ1996 እስከ 2010 ስምንት የአፍሪካ ዋንጫዎች ላይ ተሰልፏል። በ1994 እና በ1998 የዓለም ዋንጫዎች ቀይ ካርድ አይቷል፤ ያም ሆኖ ማንም ከአፍሪካ ታላላቆች ዝርዝር አያወጣውም፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ አሠልጣኝ እየተቀየረ እሱ አልተቀየረምና። የሙሳ ኦቲየኖ ክብርም ከዚህ ወገን ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በኬፕታውኑ ሳንቶስ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። ያ ክለብ ከካይዘር ቺፍስና ከኦርላንዶ ፓይሬትስ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ በ2001–02 ግን የደቡብ አፍሪካን ሊግ አሸነፈ። በባዕድ አገር ሊግ አንድን የውጭ ተከላካይ ዓመት በዓመት ማሰለፍ ራሱ ምስክርነት ነው፤ ክለብ ለትዝታ ብሎ ደሞዝ አይከፍልም።

በ2004 ቱኒዚያ ላይ ሙሳ አምበል የነበረበት የኬንያ ቡድን በማሊ 3 ለ 1፣ በሴኔጋል 3 ለ 0 ተሸነፈ። ከምድቡ መውደቁ ከታወቀ በኋላ ቡርኪና ፋሶን 3 ለ 0 አሸነፈ፤ ኬንያ በአፍሪካ ዋንጫ ያገኘችው የመጀመሪያ ድል ነው። ተስፋ በሌለው ጨዋታ ላይ መረብን ሳያስደፍሩ መውጣት እኔ እንደማስበው ከሁለቱ ሽንፈቶች የበለጠ ስለ አምበሉ ይናገራል።

የስህተት ነገርስ? ተከላካይ ብዙ ጊዜ የሚታወሰው በአንድ ስህተቱ ነው። ጆን ቴሪ አምበል በነበረበት በ2004–05 ቼልሲ በ38 የሊግ ጨዋታ 15 ጎል ብቻ ነው የተቆጠረበት። በየዲኤስቲቪ ቤቱ ስሙ ሲነሳ ግን ቀድሞ የሚመጣው በ2008 ሞስኮ ላይ ፍፁም ቅጣት ምት ሲመታ መንሸራተቱ ነው፤ ከመከላከል ጋር ምንም የማይገናኝ ነገር። ግብፃዊው ዋኤል ጎማ በ2006፣ በ2008 እና በ2010 የአፍሪካ ዋንጫ አነሳ፤ በ2013 ግን ጋና ግብፅን 6 ለ 1 ስትረታ እሱም እዚያው መስመር ላይ ነበር። አንድ ምሽት ሦስት ዋንጫ አይሰርዝም።

እንግዲህ ቦታቸው የት ነው? ታላቅነትን በአገር፣ በአህጉርና በዓለም ደረጃ ለይቶ ማየት ይሻላል። በዓለም ደረጃ ቤከንባወር፣ ማልዲኒ፣ ፍራንኮ ባሬሲ አሉ፤ እዚያ የእኛ ሰው የለም። በአህጉር ደረጃ ሶንግ፣ ጎማና ደቡብ አፍሪካዊው ሉካስ ራዴቤ በመጀመሪያው ረድፍ ይቀመጣሉ። ሙሳ ኦቲየኖ ከእነሱ ቀጥሎ ባለው ረድፍ ይገባል፤ የሊግ ዋንጫውና በውጭ የቆየባቸው ዓመታት ያስገቡታል። ደጉ ደበበ ከአገሩ ውጪ በአንድ ትልቅ ሊግ ስላልተፈተነ በአህጉር ደረጃ ከሙሳ በታች አስቀምጠዋለሁ። በኢትዮጵያ ግን፣ ለቅዱስ ጊዮርጊስም ለዋሊያዎቹም ለረጅም ዓመታት ያገለገለ፣ አገሩን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሰ ትውልድ አምበል ሆኖ፣ ከ1962ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ሻምፒዮኖች ወዲህ ከመጡት ተከላካዮች ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች ውስጥ ነው።

አንድ ልመና አለኝ። በቦሪ፣ በሞያሌ፣ በየትኛውም የሰፈር ውድድር ቡድን የምትመሩ ሰዎች፣ በየጨዋታው ከጎል አግቢዎቹ ስም በታች የተከላካዮቹን አራት ስም፣ የተቆጠረባቸውን ጎልና እንዴት እንደገባ በደብተር ጻፉ። ከልጆቻችሁ መካከል የነገው አምበል ቢወጣ፣ ጫማውን ሲሰቅል የምንመዝነው በዚያ ደብተር ነው።