«ኢንፍላመብል» ማለት የማይቀጣጠል ማለት አይደለም

በነዳጅ መያዣዎችና በቀለም ማቅጠኛ ቆርቆሮዎች ላይ ተጽፎ የሚገኘው «ኢንፍላመብል» የተሰኘው የእንግሊዝኛ ቃል፣ በቀላሉ በእሳት የሚያያዝ ማለት ነው። ይሁንና ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነብ ሰው ትርጉሙን በተቃራኒው ሊረዳው ይችላል።

የስህተቱ መነሻ በቃሉ መጀመሪያ ላይ ያለው «ኢን» ነው። ይህ ቅጥያ በበርካታ የእንግሊዝኛ ቃላት ውስጥ አፍራሽነትን ያመለክታል፤ «ፎርማል» መደበኛ ሲሆን «ኢንፎርማል» ኢ-መደበኛ ነው። ከግዕዝ የተወረሰው «ኢ» በአማርኛም ይህንኑ ተግባር ስለሚፈጽምና ድምፁም ስለሚቀራረብ፣ አማርኛ ተናጋሪው ለመሳሳት ከሌላው አንባቢ የበለጠ ምክንያት አለው ማለት ይቻላል።

በዚህ ቃል ውስጥ ያለው «ኢን» ግን አፍራሽ አይደለም። ቃሉ የተገኘው ማቀጣጠል የሚል ፍቺ ካለው «ኢንፍላማሬ» ከተባለ የላቲን ግስ ነው። ሐኪሞች የሰውነት መቆጣትን «ኢንፍላሜሽን» የሚሉት፣ ሕዝብን ለጠብ የሚያነሳሳ ንግግርም «ኢንፍላማቶሪ» የሚባለው ከዚሁ ሥር በመነሳት ነው። በፈረንሳይኛም ቃሉ ተመሳሳይ ትርጉም ያለው ሲሆን፣ የማይቀጣጠለው ነገር «ኢን» ተደግሞለት «ኢኒንፍላማብል» ይባላል።

አሻሚነቱ የሰው ሕይወት ሊያስከፍል እንደሚችል በመታመኑ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ ጀምሮ በምትኩ «ፍላመብል» የሚለው ቃል እንዲለመድ ወትውቷል። የብሪታንያ የደረጃዎች ተቋምም በ1959 እ.ኤ.አ ተመሳሳይ አቋም ይዟል። በዚህም ምክንያት ዛሬ በአብዛኞቹ መለያ ጽሑፎች ላይ የሚታየው «ፍላመብል» ሲሆን ትርጉሙ ከ«ኢንፍላመብል» ጋር ፍጹም አንድ ነው። የማይቀጣጠል ነገር «ኖንፍላመብል» ተብሎ ይጻፋል። የቀድሞው ቃል በቁጡ ሰው ጠባይ ላይ ሲነገር ማንንም አይጎዳም፤ በዕቃ ላይ ሲጻፍ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

ጉዳዩ የጋራዥና የማደያ ሠራተኞችን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ሳቢያ በየቤቱ የገባው የእጅ ማጽጃ አልኮል ከነዚሁ ፈሳሾች አንዱ ነው። የአልኮል መጠኑ 70 በመቶ ገደማ ከሆነ፣ ትነቱ 17 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሆነ ሙቀት እንኳ እሳት ካገኘ ሊያያዝ ይችላል። ይህ ደግሞ ተራ የክፍል ሙቀት ነው። በመሆኑም እጅን በአልኮል አሽቶ ሳይደርቅ ክብሪት መጫር ወይም የከሰል ምድጃ ማራገብ ለቃጠሎ ይዳርጋል።

እንግሊዝኛ ለማያነብም ቢሆን ምልክት አለለት። ቀይ ጠርዝ ባለው፣ በማዕዘኑ በቆመ አራት ማዕዘን ውስጥ የተሳለ ነበልባል ተቀጣጣይ ነገር መኖሩን ያመለክታል።